የኦቦ ኢተፋ ሠላሳ ዘጠኝ

ሱሉልታ ውስጥ «ዳይሬክተሩ» ከተባለ ኦቦ ኢተፋ ናቸው፤ ሌላ ማንም አይጠረጠርም። ከትምህርት ቤት በጡረታ ከተሰናበቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ዛሬም ግን ታክሲ ተራው ላይ ሰልፍ ተዛንፎ ካዩ ሳያስተካክሉ አያልፉም። ወጣቶቹ «እሺ ዳይሬክተር» እያሉ ይስተካከሉላቸውና ዞር ሲሉ ይስቁባቸዋል። የሰፈሩ እድር ሰብሳቢም ናቸው። በሰብሳቢነታቸው የሠሩት ትልቁ ሥራ አረቄ ለቅሶ ቤት እንዳይገባ ማስከልከል ነው።

በሥራ ዘመናቸው ስም ያተረፉት ግን ኮራጅ በመያዝ ነበር። አጤሬራ ከካልሲ ውስጥ አውጥተዋል፣ ከሹሩባ ሥር አውጥተዋል፣ አንድ ጊዜም ከተገመጠ ዳቦ ውስጥ አውጥተዋል። መዳፏ ላይ የጻፈችውን ፎርሙላ በምላሷ ስትልስ የያዟትን ልጅ ሰልፍ ላይ አቁመው፣ ሰማያዊ ምላሷን ለስምንት መቶ ተማሪ አሳይተዋል። ይህን እስከ ዛሬ በኩራት ያወሩታል። ልጅቷ በኋላ ምን እንደሆነች ጠይቋቸው የሚያውቅ የለም፤ ቢጠየቁም አያውቁትም።

ስኳር የያዛቸው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። በሽታውን ወዲያው ወደሚያውቁት ነገር ቀየሩት፤ ወደ ፈተና። በየሦስት ወሩ በባዶ ሆድ ደም ይሰጣል፤ ቁጥር ይመጣል፤ ቁጥሩ ካርድ ላይ ይጻፋል። ከሰባ እስከ መቶ ሠላሳ ያመጣ አለፈ፣ ከዚያ በላይ ያመጣ ወደቀ። ከፈተናው በፊት ያሉት ሦስት ቀናት የጥናት ጊዜ ናቸው። የቀሩት ሰማንያ ሰባት ቀናት እረፍት ናቸው። በእረፍቱ ማር ይበላል፤ ማር የተፈጥሮ ስለሆነ አይቆጠርም። ድፎ ዳቦ ይበላል፤ የበዓል ስለሆነ አይቆጠርም። ሰርግ ላይ የሚጠጣው ለስላሳም ደጋሹ እንዳይቀየም ነው።

የኦቦ ኢተፋ ራስ ምታት ጎረቤታቸው ኦቦ ዲሪርሳ ናቸው። እኩዮች ናቸው፤ ትምህርት የጀመሩት አብረው ነው። ኦቦ ዲሪርሳ ግን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጠው ወደ ከብቶቻቸው ተመለሱ። አሁንም አምስት ላሞች አሏቸው፣ ወተት ያስረክባሉ። ስኳርም ሁለቱን የያዛቸው በዚያው በአንድ ዓመት ነው። ኦቦ ዲሪርሳ ኪኒናቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ፣ ቀኑን ሙሉ ከላሞቹ ጋር ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይውላሉ፣ በጊዜ ይተኛሉ። ቁጥራቸው መቶ አሥራ ሁለት፣ መቶ ስድስት፣ እንዲህ እንዲህ ነው።

ድሮ በድርቆሽ ክምር ይፎካከሩ የነበሩ የሰፈሩ ሽማግሌዎች አሁን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «ስንት አመጣህ?» ይባባላሉ። ባለፈው ምርመራ ኦቦ ዲሪርሳ መቶ ዘጠኝ አመጡ። ኦቦ ኢተፋ ያመጡት መቶ ሰማንያ ስድስት ነበር። ለሕዝብ ያወጁት ግን መቶ ስምንት ብለው ነው። በአንድ ብቻ ነው የበለጡት፤ ከዚያ በላይ መዋሸት ነውር መስሎ ታያቸው።

በዚያው ቀን የስኳር ታካሚዎችን የምትከታተለው ነርስ፣ ሲስተር ኤዶም፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጣ ለሚቀጥለው ምርመራ መከረቻቸው።

«ጠዋት ምንም ሳትበሉ ኑ፤ ውሃ ይቻላል። የጠዋቷን ኪኒን ግን ደም ሳትሰጡ እንዳትውጡ። ይዛችኋት ትመጣላችሁ፣ ደም ከሰጣችሁ በኋላ ከቁርስ ጋር ትወስዷታላችሁ። በባዶ ሆድ ከሆነ ስኳራችሁን ከልክ በታች ታወርደዋለች።»

ኦቦ ዲሪርሳ «እሺ ልጄ» አሉ። ኦቦ ኢተፋ ከዚህ ሁሉ ንግግር የያዟት አንዲት ቃል ናት፤ «ታወርደዋለች»።

ሦስት ወሩ አልቆ ምርመራው ሦስት ቀን ሲቀረው ኦቦ ኢተፋ ክለሳ ጀመሩ። ማሩ ከጠረጴዛው ተነሣ። ሻዩ ያለ ስኳር ሆነ። ምሳም እራትም ጎመን ሆነ።

ባለቤታቸው አዴ ተረፈች ጎመኑን እያቀረቡ፣ «ሦስት ቀን ጎመን የበላ ሰው የሦስት ወሩ ማር ይሠረዝለታል?» አሉ።

«አንቺ የፈተና ነገር አይገባሽም።»

በዋዜማው እራቱም ቀረ። የማታዋ ኪኒን ግን አልቀረችም። በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኦቦ ኢተፋ ከብልቃጡ ሁለት ኪኒኖች መዳፋቸው ላይ አራገፉ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?» አሉ አዴ ተረፈች።

«መድኃኒቴን ልወስድ ነው።»

«ደም ሳይሰጡ አይዋጥም ብላለች ብለው እርስዎ አይደሉ እንዴ የነገሩኝ? ደግሞስ የጠዋቷ አንድ አልነበረች?»

«እሱ ለተራው ታካሚ የተሰጠ መመሪያ ነው።»

«አንቱስ ምንድን ነዎት?»

«እኔ መመሪያ ሳወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለማን እንደሚወጣ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አንድ ጉርሻ እንኳ ይቅመሱ።»

«ቁጥሬን ልታበላሺ ነው?» አሉና ኪኒኖቹን በውሃ አወረዷቸው። ከዚያ ሱፋቸውን ለብሰው ክራቫት አሰሩ። ክሊኒኩ ሩቅ ስለሆነ ሁልጊዜ የሚሄዱት በባጃጅ ነው። የዚያን ቀን በእግራቸው ተነሡ፤ መንገድ ስኳር ያቃጥላል ሲባል ሰምተዋል። ጎጃም መንገድ ዳር ልምምድ የሚሠሩ ሯጮች በቡድን በቡድን ሆነው አለፏቸው። አንዱ ዞር ብሎ «በርቱ አባባ!» አላቸው። በረቱ። ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ተጠምጥሞ፣ ቁልቁለቱን በሶምሶማ ወረዱት።

ሁለት ሰዓት ላይ ሲደርሱ ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ በረንዳ ላይ ወጥቷል። አሥራ ዘጠነኛ ሆኑ። ላሞቻቸውን አልበው፣ ወተቱን አስረክበው የመጡት ኦቦ ዲሪርሳ አራተኛ ናቸው።

«አካም ቡልቴ ኢተፋ? ምነው ላብ በላብ ሆንክ?»

«ፈያ! ስፖርት ነው» አሉ ኦቦ ኢተፋ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

መብራት ጠፍቶ ነበር። የላቦራቶሪው ባለሙያ እውነቱ በበሩ ብቅ ብሎ «ትንሽ ታገሱን፣ ጄኔሬተሩ እየተሠራ ነው» አለና ተመልሶ ገባ። ያቺ ትንሽ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆነች።

ኦቦ ኢተፋ አግዳሚው ላይ ከተስፋነሽ አጠገብ ተቀመጡ። ተስፋነሽ ከወላይታ መጥታ እዚያው ውሃ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት። የምትታከመው ኢንሱሊን በመርፌ እየወሰደች ነው። ይህን ሲሰሙ ዳይሬክተሩ ወደ እሷ ዞሩ።

«በዚህ ዕድሜሽ ስኳር?»

«ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ነው፣ አባባ።»

«የሥነ ሥርዓት ጉድለት ነው። በልጅነትሽ ከረሜላ አብዝተሽ ይሆናል።»

«እኛ ቤት ከረሜላ አልነበረም፣ አባባ።»

«ቢሆንም» አሉ ኦቦ ኢተፋ። «እኔ ለምሳሌ ባለፈው መቶ ስምንት ነው ያመጣሁት። ዛሬ ከዚያም ይወርዳል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ተስፋነሽ፣ የሥራ ሰዓቷ እያለፈባት በር በሩን እያየች።

ሦስት ሰዓት ላይ የኦቦ ኢተፋ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደስ አላቸው። «እየወረደ ነው» አሉ በሆዳቸው። ላቡ ከግንባራቸው ወደ ኮሌታቸው ሲንቆረቆር፣ ልባቸው ሲደልቅ፣ ከንፈራቸው ሲደነዝዝ ደስታቸው እየጨመረ ሄደ። «ሰባ ሳይገባ አይቀርም» ብለው አሰቡ። ትንሽ ቆይተው «ስልሳ» አሉ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሁለት ሁለት ሆኖ ታያቸው። «ደም ሳይሰጡ መድኃኒት አይውሰዱ» ነው የሚለው።

ከዚያ በኋላ ያለውን እሳቸው አያስታውሱትም። ሌላው ሰው ግን በደንብ ያስታውሰዋል።

ብድግ ብለው «ሰልፍ!» ብለው ጮኹ። «እጅ ወደ ኋላ! ማንም እንዳይገላመጥ! ደብተር ከጠረጴዛ ይውረድ!» ከፊታቸው የቆሙትን ሁለት ሴቶች ካርድ ቀሙ። አንድ አዛውንት ካልሲያቸውን እንዲያወልቁ አዘዟቸው፤ አዛውንቱም ምርመራው የሚጠይቀው መስሏቸው አንዱን አወለቁ። ከዚያ እየተንገዳገዱ ኦቦ ዲሪርሳ ፊት ደርሰው ጣታቸውን ቀሰሩ።

«አንተ! ከማን ነው የቀዳኸው?»

«ምኑን?»

«መቶ ዘጠኙን! ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው መቶ ዘጠኝ ከየት ያመጣል? እኔ ዲፕሎማ ይዤ መቶ ሰማንያ ስድስት!»

«መቶ ስምንት ነው ያልከኝ እኮ» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ በቀስታ።

«ጠጥተዋል!» አለች አንዷ ከኋላ።

«በዚህ ጠዋት? አረቄን ከለቅሶ ቤት ያስወጡት እሳቸው አይደሉ?»

«ለራሳቸው ሊያስቀሩት ነዋ!»

ኮሪደሩ በሳቅ ተሞላ። አንድ ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። የክሊኒኩ ጥበቃ የህያ መጣና ክንዳቸውን ያዘ፤ ደግ ሰው ነው። «ዳይሬክተር፣ ይምጡ፣ ትንሽ ነፋስ እንቀበል» እያለ፣ እየተንገዳገዱ «ደብተር ይውረድ!» የሚሉትን ሰው ወደ ግቢው በር ይወስዳቸው ጀመር። ሠላሳ የስኳር ታካሚዎች በተሰለፉበት፣ መሣቢያው በስኳር መለኪያ በተሞላበት ቤት፣ ስኳር የወረደበትን ሰው ሰክሯል ብለው ሸኙት።

የተነሣችው ተስፋነሽ ናት። ሮጣ ደረሰችና እጇን አንገታቸው ላይ አሳረፈች። እንደ በረዶ ቀዝቅዟል፤ በላብ ርሷል።

«አልሰከሩም! ስኳራቸው ወርዶ ነው! ሲስተርን ጥሩልኝ!» ብላ ጮኸች፤ ለራሷ ክፉ ቀን ቦርሳዋ ውስጥ የማይጠፋውን የለስላሳ ጠርሙስም አወጣች።

ይሄኔ ወረፋው ሁሉ ሐኪም ሆነ። «ለስኳር በሽተኛ ለስላሳ? ልትገድያቸው ነው እንዴ!» አለ አንዱ። «ሎሚ ነው የሚሻላቸው።» «ነጭ ሽንኩርት!» «ራሳቸው ላይ ውሃ አፍስሱባቸው!»

«እኔ ላይ ስንት ጊዜ ደርሷል፣ አውቀዋለሁ!» አለች ተስፋነሽ፣ ጠርሙሱን ከከንፈራቸው እያስጠጋች። ኦቦ ኢተፋ ግን ጥርሳቸውን ነክሰው ፊታቸውን አዞሩ።

«አልጠጣም! ደም አልሰጠሁም! ቁጥሬ ይበላሻል!»

ኦቦ ዲሪርሳ ተራቸውን ትተው መጡና ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙላቸው፤ ጥጃ እንደሚይዙት።

«ዱጊ ኢተፋ! ጠጣ ነው የምልህ! ቁጥርህን ማንም አይወስድብህም።»

ግማሹ ሱፋቸው ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹ ወረደ። ሲስተር ኤዶም እየሮጠች መጥታ ጣታቸውን ወጋች፣ መለኪያውን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። ተሸክመው አልጋ ላይ አስተኟቸው፤ ግሉኮስ በደም ሥራቸው ተሰጣቸው። ጎረምሳው ግን ጥበቃው ክንዳቸውን ይዞ ሲወስዳቸው ያለውን ቀርጾ፣ ይበቃኛል ብሎ ስልኩን ኪሱ ከቷል።

ኦቦ ኢተፋ ዓይናቸውን ሲገልጡ መብራት መጥቶ ነበር። ሲስተር ኤዶም አጠገባቸው፣ ኦቦ ዲሪርሳ ከአልጋው ግርጌ ቆመዋል።

«አባባ፣ ይሰሙኛል? የት እንዳሉ አወቁ?»

«ስንት አመጣሁ?»

«ምን አሉ?»

«ቁጥሬን ነው።»

«ሠላሳ ዘጠኝ። ሊሞቱ ነበር እኮ!»

ኦቦ ኢተፋ ቀና ለማለት ሞከሩ። «አንተስ ዲሪርሳ?»

«መቶ አራት።»

ዳይሬክተሩ ትራሱ ላይ ተመልሰው ጋደም አሉ። ፈገግ ብለው ነበር።

ፈገግታው ብዙ አልቆየም። «ዛሬ ጠዋት ኪኒን ወስደዋል?» አለች ሲስተር ኤዶም። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። «ስንት?» ሁለት ጣት አሳዩ። «ማታስ?» አንድ ጣት። «እራትስ በልተው ነበር?» እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱት።

«አባባ፣ እኔ ማርክ አልሰጥም» አለች ነርሷ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ይህን ቁጥር አይተን ነው መድኃኒትዎን የምንጨምረው ወይም የምንቀንሰው። ዛሬ ዘጠና አምጥተው ቢሆን ‹ጎበዝ› ብዬ እሸኝዎት ነበር፤ ስኳሩ ደግሞ ቤትዎ ተቀምጦ ዓይንዎን ይበላ ነበር። ማንን ነበር የሚያታልሉት?»

ሌላ ደም ወሰደች፤ የሦስት ወሩን ስኳር በአማካይ የሚያሳየውን ምርመራ አዘዘች። ውጤቱ አሥር ነጥብ ሁለት ሆኖ መጣ፤ ከሰባት ማለፍ አልነበረበትም። አዴ ተረፈች የነጠላቸውን ጫፍ እያስተካከሉ እየሮጡ ደርሰው ነበር። ነገሩ ሲብራራላቸው መጀመሪያ አለቀሱ፤ ቀጥለው፣ «እና ይሄኛው መርማሪ ማሩን ሁሉ ቆጥሮታል ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አንድም አላመለጠውም፣ እማማ።»

አዴ ተረፈች የዚያን ዕለት የኪኒኑን ብልቃጥ በመቀነታቸው ቋጠሩት። ከዚያ ወዲህ ኦቦ ኢተፋ መድኃኒታቸውን የሚወስዱት እጃቸውን ዘርግተው፣ ተሰፍሮላቸው ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። የጎረምሳው ቪዲዮ ግን ሱሉልታን በአንድ ቀን አዳረሰ፤ በሦስተኛው ቀን ቡራዩ ገባ። ሰበታ ያለች የእህታቸው ልጅ ደውላ «ጋሼ፣ መጠጥ ጀመሩ አሉኝ፣ እውነት ነው?» አለቻቸው። አሥራ አራት ሴኮንድ ነው፤ ክራቫት ያሰሩ ሽማግሌ እየተንገዳገዱ «ደብተር ይውረድ!» ሲሉ ይታያል። የለስላሳው ጠርሙስ የለበትም፣ ሲስተሯ የለችበትም። የእድሩ ኮሚቴም አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ።

ሲስተር ኤዶም ወሬውን ስትሰማ አዘነችላቸውና የሕክምና ማስረጃ ጻፈችላቸው። ኦቦ ኢተፋ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ከምርመራ በፊት በባዶ ሆዳቸው ከታዘዘላቸው መጠን በላይ መድኃኒት በመውሰዳቸው» የሚል መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህችን መስመር ማስቀረት ይቻላል?»

«እሷ ከቀረች ወረቀቱ ላይ የሚቀረው የእርስዎ ስም ብቻ ነው፣ አባባ።»

ወረቀቱን አጣጥፈው ጠረጴዛዋ ላይ ተዉት።

በስብሰባው ላይ የእድሩ ጸሐፊ ማሪቱ ቪዲዮውን አሳየችና «ሰብሳቢያችን ምን ይላሉ?» አለች። ኦቦ ኢተፋ ብድግ አሉ። የሚሉት ሁለት ነገር ነበራቸው፤ አንዱ እውነት ነው። ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

«ጠጥቼ ነበር» አሉ። «ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ኦቦ ዲሪርሳ ከኋላ ወንበር ላይ ተነሡ። «ኧረ ይሄ ሰውዬ…» ብለው ሲጀምሩ ኦቦ ኢተፋ አዩአቸው። ስምንት መቶ ተማሪ ጸጥ ያሰኝ የነበረው ዓይን ነው። ኦቦ ዲሪርሳ መልሰው ተቀመጡ።

ሰብሳቢነቱ ተወሰደ። በሳምንቱ በነበረው ለቅሶ አረቄ ያለ ምንም ክርክር ተመልሶ ገባ። ኀዘንተኞቹም የቀድሞውን ሰብሳቢ አልረሷቸውም፤ አንድ መለኪያ ሞልተው፣ በሳህን ከድነው፣ ወደተቀመጡበት ላኩላቸው። ሰው ሁሉ እያየ ስለነበር ተቀበሉ። በሕይወታቸው ቀምሰው አያውቁም፤ ወንበራቸው ሥር አስቀመጡት።

ከለቅሶው ሲመለሱ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ መንገድ ያዙ። ብዙ ከሄዱ በኋላ ኦቦ ዲሪርሳ ጠየቁ።

«ለምን ዋሸህ? መታመምህን ብትነግራቸው ማን ይፈርድብህ ነበር?»

«ጠጣ ቢሉኝ እስከ መስቀል ይረሱታል» አሉ ኦቦ ኢተፋ። «ኮረጀ ካሉኝ ግን የያዝኳቸው ልጆች ሁሉ አድገዋል፤ ባለ ሱቅ ሆነዋል፣ ፖሊስ ሆነዋል፣ አንዷ ወረዳ ላይ ናት። ሁሉም ይመጡብኛል።»

ኦቦ ዲሪርሳ መሳቅም ማዘንም አማራቸው፤ ሁለቱንም ተዉት። ጥቂት እንደተራመዱ ኦቦ ኢተፋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠጋ አሉ።

«አሁን ማንም የለም። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ መቶ አራቷን እንዴት ነው የምታመጣት?»

«ሲስተሯ ያለችኝን ነው የማደርገው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም የለም።»

ኦቦ ኢተፋ ቆም ብለው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«ልትነግረኝ ካልፈለግህ ተወው» አሉና፣ ተቀይመው፣ ቀድመው ሄዱ።